ካሜራው ያየውን የሚይዘው ሳጥን፦ በድሬዳዋ ቤት የደኅንነት ካሜራን ከኔትወርክ ማከማቻ ጋር ማገናኘት

ባለፈው ዓመት በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከሚኖር አንድ ጎረቤቴ ግቢ የውሃ ፓምፕ በሌሊት ተሰረቀ። በበሩ ላይ ካሜራ ተሰቅሎ ነበር፤ ሌቦቹን ማየቱም አያጠራጥርም። ነገር ግን ካሜራው የሚቀርጸው በራሱ ውስጥ በገባች ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ላይ ስለነበር፣ ሌቦቹ ከፓምፑ ጋር እርሱንም ነቅለው ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ ለፖሊስ የሚቀርብ ምስል አልተገኘም። ጎረቤቴ ለምስሉ ጥራት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ነበር፤ ምስሉ የት እንደሚቀመጥ ግን ሻጩም አልነገረው፣ እርሱም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ሊገዛ አስቦ ለሚያማክረኝ ሰው ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የማከማቻውን ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍም ካሜራ ያየውን ነገር ከካሜራው ርቆ በቤት ውስጥ በተቀመጠ ሳጥን ላይ እንዴት እንደሚያኖር ያብራራል።

የኔትወርክ ማከማቻ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የያዘ፣ የራሱ አነስተኛ ኮምፒውተር ያለው፣ ከቤቱ ራውተር ጋር በኬብል የሚገናኝ ሳጥን ነው። ነጋዴዎች ‘ናስ’ ይሉታል፤ ስሙ ከእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል የመጣ እንጂ ከብረቱ ናስ ጋር ዝምድና የለውም። ብዙ ሱቆች ውስጥ ከሚታየው ዲቪአር የሚለየው፣ ዲቪአር ለካሜራ ቀረጻ ብቻ የተሠራ ሲሆን የኔትወርክ ማከማቻ ግን የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድም ጭምር መያዝ መቻሉ ነው። ይህ ጥቅሙ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ግን አንድ የተለመደ አለመግባባት መፈታት አለበት። በአነጋገራችን ‘ኔትወርክ የለም’ ስንል ስልኩ መስመር አጥቷል ወይም ኢንተርኔቱ ተቋርጧል ማለታችን ነው። ስለዚህ ‘በኔትወርክ ላይ ይቀርጻል’ የሚል ነገር የሰማ ሰው፣ ካሜራው ሌት ተቀን የኢንተርኔት ፓኬጅ ሲበላ ይታየዋል። እዚህ ላይ ኔትወርክ የተባለው ግን በራሱ ቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች፣ ማለትም ካሜራውን፣ ራውተሩንና ማከማቻውን የሚያገናኘው መስመር ነው። ምስሉ ከካሜራው ወደ ማከማቻው ሲሄድ ከግቢው አጥር አያልፍም፤ ከፓኬጅም አንድ ሜጋባይት አይቀንስም። ኢንተርኔቱ ለሦስት ቀን ቢቋረጥ እንኳ ቀረጻው አይቆምም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ባለቤቱ ከቤቱ ውጭ ሆኖ ምስሉን በስልኩ ማየት ወይም ከማከማቻው መልእክት ማግኘት ሲፈልግ ብቻ ነው።

ካሜራውና ማከማቻው የሚግባቡባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው፣ ሥራውን የሚመራው ካሜራው ነው፤ በማከማቻው ላይ የተዘጋጀለትን ፎልደር ኤስኤምቢ ወይም ኤንኤፍኤስ በሚባሉት የፋይል መጋሪያ ስምምነቶች አማካኝነት ይከፍትና የቀረጸውን በዚያ ያስቀምጣል። በሁለተኛው፣ ማከማቻው ላይ የተጫነ የቀረጻ ፕሮግራም ወደ ካሜራው ሄዶ ምስሉን እየሳበ ይቀርጻል፤ ለዚህ የሚያገለግለው አርቲኤስፒ የተባለው የምስል ማስተላለፊያ ስምምነት ሲሆን፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው ካሜራዎችና መቅረጫዎች እንዲግባቡ የሚያደርገው ደግሞ አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ በ2008 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የኦንቪፍ ደንብ ነው። አንድ ወይም ሁለት ካሜራ ብቻ ላለው ሰው የመጀመሪያው መንገድ ይበቃል። ሦስትና አራት ካሜራ ላለው፣ በተለይም አንድን ክስተት ከሰዓታት ቀረጻ መካከል ፈልጎ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለተኛውን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሁሉም ካሜራዎች በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ተሰልፈው ይታያሉና። ካሜራ ሲገዛ በካርቶኑ ላይ ‘ኦንቪፍ’ መጻፉን ማረጋገጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚሠሩና ከሌላ ዕቃ ጋር የማይነጋገሩ ርካሽ ካሜራዎች በገበያው ሞልተዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የዲስኩን መጠን የሚወስነው እርሱ ነውና ቸል ሊባል አይገባም። ካሜራ የሚልከው የምስል ፍሰት የሚለካው በሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ 8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ በ24 ሰዓት ውስጥ 10.8 ጊጋባይት ይሞላል። ይህችን አንዲት ቁጥር የያዘ ሰው የቀረውን በማባዛት ያገኘዋል። ለምሳሌ 2 ሜጋፒክስል ጥራት ያለው ካሜራ በቀድሞው የማመቂያ ዘዴ፣ በኤች 264፣ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ገደማ ቢልክ፣ በቀን 43.2 ጊጋባይት ይፈልጋል። በአዲሱ፣ በኤች 265፣ ተመሳሳይ ጥራት በግማሹ ገደማ ይገኛል፤ በ2 ሜጋቢት በቀን 21.6 ጊጋባይት መሆኑ ነው። አራት እንዲህ ያሉ ካሜራዎች በቀን 86.4፣ በ30 ቀን ደግሞ 2,592 ጊጋባይት ይሞላሉ። ስለዚህ ለአራት ካሜራ የአንድ ወር ቀረጻ 4 ቴራባይት ዲስክ በቂ ነው። ይህ ዲስክ ሲሰካ ብዙ ጊዜ 3.6 ቴራባይት ሆኖ ይታያል፤ ፋብሪካው በ1,000፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር እንጂ የተጭበረበረ ነገር የለም።

ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ‘እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅረጽ’ የሚለውን ምርጫ የሚያበሩ ብዙዎች ናቸው። እኔ አልስማማበትም። የከሰዓት በኋላው ነፋስ የኒሙን ቅርንጫፍ ባወዛወዘ ቁጥር ካሜራው ይነቃል፤ ሌሊት ደግሞ በካሜራው የኢንፍራሬድ መብራት ዙሪያ የሚሰበሰቡት ነፍሳትና መስታወቱ ላይ የምታደራው ሸረሪት ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሱታል። ይህን ለመከላከል የንቃቱ መጠን ሲቀነስ፣ በጥላው በኩል ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሰው ሳያየው ያልፋል። ሒሳቡ እንደሚያሳየው ዲስኩ ሙሉ ወር የሚይዝ ከሆነ፣ ሳያቋርጡ መቅረጽና የእንቅስቃሴ ምልክቱን ለመፈለጊያነት ብቻ መጠቀም ይሻላል። በሰከንድ 25 ምስል መቅረጽም ለቤት ግቢ አያስፈልግም፤ 15 በቂ ነው።

ዲስኩ ለዚህ ሥራ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ዌስተርን ዲጂታል ‘ፐርፕል’፣ ሲጌት ደግሞ ‘ስካይሆክ’ በሚሉ ስሞች የሚሸጧቸው ዲስኮች ሌት ተቀን ሳያርፉ እንዲጽፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ዲስክ ለሙከራ ይሆናል እንጂ ለዘለቄታው አይታመንም።

መስመሩን በተመለከተ፣ ቢቻል ሁሉም ካሜራ በኬብል ይገናኝ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ኬብል እስከ 100 ሜትር ርቀት ድረስ ያገለግላል፤ ፒኦኢ የሚባለውን ስዊች (የካሜራዎቹ ኬብሎች የሚሰበሰቡበትን ሳጥን) ከተጠቀምን ደግሞ ያው አንዱ ኬብል ኤሌክትሪኩንም ምስሉንም ስለሚያደርስ፣ በየካሜራው አጠገብ ሶኬት መዘርጋት አያስፈልግም። ዋይፋይ ለአንድ ካሜራ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን በከዚራ ሰፈር እንዳሉት የቀድሞ ቤቶች፣ ይልቁንም በሐረር ጁገል ውስጥ እንዳሉት የድንጋይ ቤቶች ግድግዳው ወፍራም ሲሆን ሞገዱ ይዳከማል፤ ሲዳከምም ቀረጻው እየተቆራረጠ ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ካሜራና ለማከማቻው የማይለወጥ አይፒ አድራሻ በራውተሩ ላይ መመደብ አለበት። ራውተሩ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ለካሜራው አዲስ አድራሻ ከሰጠው፣ ማከማቻው ካሜራውን በቀድሞ አድራሻው ሲፈልገው ያጣዋል።

በማከማቻው ላይ የሚደረገው ዝግጅት ረጅም አይደለም፤ ስሕተት ከተሠራበት ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ለቀረጻው ብቻ የሚያገለግል አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ ለካሜራው ብቻ የሚያገለግል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም ይፈጠራል፤ ይህ ተጠቃሚ ከዚያች ፎልደር በቀር ሌላውን እንዳይነካ፣ እንዳያይም ይከለከላል። በዋናው አስተዳዳሪ ስም ካሜራውን ማገናኘት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የካሜራውን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ሁሉ በዚያው አገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ለፎልደሩ የቦታ ገደብ ይቀመጥለታል። አንዳንድ ካሜራዎች የተሰጣቸውን ፎልደር ‘ፎርማት’ እንዲደረግ ይጠይቁና ያገኙትን ቦታ በሙሉ አስቀድመው በባዶ ፋይሎች ይይዙታል፤ ገደብ ካልተደረገባቸው ዲስኩን ጠቅልለው ለሌላ ነገር ቦታ ያሳጣሉ። በመጨረሻም ‘ሲሞላ አሮጌውን አጥፍተህ አዲሱን ጻፍ’ የሚለው ምርጫ መመረጡን ማረጋገጥ ይገባል፤ ካልሆነ ዲስኩ በሞላ ቀን ቀረጻው በጸጥታ ይቆማል።

በዚህ በጸጥታ መቆም ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በድሬዳዋ ትልቁ ጠላት እርሱ ነውና። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት መብራቱ ሲመለስ የሚሆነውን ነው። ካሜራዎቹና ራውተሩ ወዲያው በራሳቸው ይነሣሉ፤ ማከማቻው ግን ‘መብራት ሲመለስ በራስህ ተነሣ’ ተብሎ ካልታዘዘ፣ አንድ ሰው ቁልፉን እስኪጫነው ድረስ ጠፍቶ ይቀመጣል። በስልክ የሚታየው የካሜራው ምስል ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥርም። በራሴ ቤት ይህ ደርሶ 19 ቀን ሙሉ ምንም ሳይቀረጽ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ይህን ምርጫ ሳላይ ከማንም ቤት አልወጣም፤ ማከማቻው ካሜራ ሲጠፋበት መልእክት እንዲልክም አደርጋለሁ። ካሜራው ሜሞሪ ካርድ ካለው ካርዱ መውጣት የለበትም፤ ማከማቻው በጠፋባቸው ሰዓታት ተጠባባቂ ይሆናል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ በ2 ሜጋቢት ፍሰት ሦስት ቀን ገደማ ይይዛል።

ድንገተኛ መቋረጥ ሌላም ጉዳት አለው። በኤምፒ4 የሚቀረጽ ፋይል የራሱን ማውጫ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ሲዘጋ በመጨረሻ ላይ ነው። አንድ ሰዓት የሚረዝም ፋይል በ50ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ቢጠፋበት፣ 50ው ደቂቃ ዲስኩ ላይ ቢኖርም በተለመደው ማጫወቻ አይከፈትም። ስለዚህ ቀረጻው በ5 ወይም በ10 ደቂቃ እየተቆረጠ እንዲቀመጥ ይደረግ፤ የሚጠፋው ቢበዛ የመጨረሻው ቁራጭ ይሆናል። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ዕቃዎቹን በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን፣ መግዛትም ግድ ነው። ሁለት ዲስክ ያለው ማከማቻ፣ ራውተር፣ ስዊችና አራት ካሜራ በአንድነት ከ60 እስከ 80 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ያለው የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን ማቆየቱ ብቻ አይደለም። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከማከማቻው ጋር ሲገናኝ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማከማቻው ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት እንዲተኛ ያደርገዋል። ይህችን ገመድ ሰዎች በካርቶኑ ውስጥ ይተዋታል።

ሙቀቱ ደግሞ የድሬ የራሷ ጉዳይ ነው። የብዙ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የሚሠራ ዲስክ ደግሞ ከክፍሉ አየር ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። በግንቦትና በሰኔ ቀትር፣ ሱቆች ተዘግተው ሰው ሁሉ ወደ ጥላ በሚገባበት ሰዓት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል 38 ዲግሪ ቢደርስ ዲስኩ 50ን ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ማከማቻውን ከሌባ ለመደበቅ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ካስገባነው ደግሞ የቀረውን ልዩነት በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። መደበቁ ተገቢ ነው፤ ሌባው ይዞት እንዳይሄድ ማከማቻው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መቀመጥ የለበትም። ነገር ግን የሚደበቅበት ቦታ አየር የሚያገኝ፣ የምዕራብ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ይሁን፤ ማቀዝቀዣው አቧራ ስለሚይዘው በየሁለትና ሦስት ወሩ ይጽዳ። የዩፒኤሱ ባትሪም እንዲሁ ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ልኬት ነው፤ በቀዝቃዛ አገር አራት ዓመት የሚያገለግለውን እዚህ በሁለተኛው ዓመት መፈተሽ ይገባል። ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ የሆኑ ቤቶች ደግሞ ማከማቻውን ከወለል ከፍ አድርገው ያኑሩት፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ያደረሰውን የከተማው ሰው አይረሳውም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ሰዓቱ ነው። ካሜራው ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል። እኛ የምንለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ለካሜራው 21 ሰዓት ነው። ይህን ብዙዎች ያውቁታል፤ የሚያሳስተው ሌሊቱ ነው። ስርቆቱ የተፈጸመው ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው ቢባል፣ ካሜራው በእኩለ ሌሊት ቀኑን ለውጧልና ቀረጻው የሚገኘው በ2024-10-23፣ ማለትም በረቡዕ ፎልደር ውስጥ፣ በ02 ሰዓት ላይ ነው። የማክሰኞን ፎልደር የከፈተ ሰው ያለፈውን ሌሊት ያያል፤ ምንም አላገኘሁም ብሎም ይመለሳል። አባቶቻችን ‘ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ’ ይሉ የነበረው አነጋገር ለዚህ ሥራ እጅግ ትክክለኛ ነውና፣ ክስተቱን ስንመዘግብም ሆነ ለፖሊስ ስናስረዳ እንጠቀምበት። በካሜራው ላይ የሰዓት ቀጣናው ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ በ3 ሰዓት የሚቀድመው ይመረጥ፤ ካሜራው ሰዓቱን ከማከማቻው እንዲያመሳስልም ይደረግ። ይህ ካልሆነ የራሳቸው የሰዓት ባትሪ የሌላቸው ካሜራዎች መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ 1970 ወይም ወደ 2000 ሊመለሱ ይችላሉ።

ከቤት ውጭ ሆኖ ማየትን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ምክር አለኝ፤ በራውተሩ ላይ ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ካሜራው ወይም ወደ ማከማቻው የሚያስገባ በር፣ ‘ፖርት’ የሚባለው፣ አይከፈት። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የያዘው፣ ስልሳ ያህል የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን በመሞከር ብቻ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ሌላ ፕሮግራም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስባቸውን የቤት ማከማቻዎች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠይቋል። የፋብሪካው የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይለወጥ፤ ካሜራዎቹ ራሳቸው ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ በራውተሩ ላይ ይታገዱ፤ ከውጭ የሚያይ ሰው እንደ ዋየርጋርድ ባለ ቪፒኤን፣ ማለትም ከውጭ ወደ ቤቱ ኔትወርክ በምስጢር በሚያስገባ የተቆለፈ መንገድ፣ በኩል ይግባ። የሞባይል ኢንተርኔት ለሚጠቀም ቤት ይህ ተጨማሪ ሥራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቢሆንም መተዉ አይመከርም። አሮጌ ካሜራ የኤስኤምቢን የመጀመሪያ ትውልድ ብቻ የሚያውቅ ሆኖ ከተገኘም፣ ለእርሱ ሲባል ይህን ደካማ ስምምነት በማከማቻው ላይ ከማብራት ይልቅ ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ወደ አርቲኤስፒ፣ መዞር ይሻላል።

ስለ ጎረቤትም መናገር ይገባል። የድሬ ግቢ ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፤ ሰው በሙቀቱ ምክንያት ማታ ማታ ከደጅ ይቀመጣል፣ ይተኛልም። የአንዱ ካሜራ የሌላውን መኝታ፣ መታጠቢያና ልብስ ማስጫ ለአንድ ወር በዲስክ ላይ ማኖር የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ከሕጉም በፊት ግን ጎረቤትን አስቀድሞ ማናገር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ካሜራዎች የምስሉን የተወሰነ ክፍል በጥቁር የሚሸፍኑበት ምርጫ አላቸው፤ ጎረቤቱን ጠርቶ የተሸፈነውን በስክሪን ማሳየት ቅሬታን ያስቀራል።

ሁሉም ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሙከራ ነው። ብዙዎች ቀረጻውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍቱት ከተሰረቁ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሳቢያን ያለው ጎረቤቴ ቤት አዲሱን ማከማቻ የተከልን ዕለት፣ ልጁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በውጭ በር ገብቶ ፓምፑ ዘንድ ቆሞ እንዲመለስ አደረግን። በማግስቱ አባትየውን ብቻውን ማከማቻው ፊት አስቀምጬ ልጁን ፈልጎ እንዲያወጣ ጠየቅሁት። መጀመሪያ የከፈተው 02ን ነበር፤ ባዶ ግቢ አየ። ከዚያ 6 ደምሮ፣ የምሽት ስለሆነም 12 ጨምሮ 20ን ከፈተ፤ ልጁን አገኘው። ቁራጩን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ለዚህ ሥራ ባልተዘጋጀ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አጫወተው፤ ተከፈተ። በአጠቃላይ 11 ደቂቃ ወሰደበት። በየወሩ መጀመሪያ ሌላ ሰዓት እየመረጠ እንዲደግመው ተስማምተናል፤ ባለፈው ወር 3 ደቂቃ በቅቶታል።